ከምድጃው ማዶ የተማሩት ገማች

ባሻ ተሰማ ጎባ ውስጥ ቤት በተቃጠለ ቁጥር ከእሳቱ ቀጥለው የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ቀድመው ደርሰው አያውቁም፤ ይቅደሙ ብሎ የጠየቃቸውም የለም። የሳቸው ሥራ እሳቱን ማጥፋት ሳይሆን እሳቱ የበላውን መገመት ነው።

ጊዜው ጦሩ ባሌ ከገባ ሃያ አምስት ዓመት ያህል የሆነው ነበር። ከሰሜን የዘመቱት ወታደሮች ነፍጣቸውን ምሰሶ ላይ ሰቅለው፣ ሚስት አስመጥተው፣ ከጥድ እንጨትና ከሣር ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል። ጎጆዎቹ ክርን ለክርን የተጠጋጉ ነበሩ። ሲጠየቁ «ብርዱ ነው ያጠጋጋን» ይላሉ፤ ከሳነቴ የሚወርደው ንፋስ እውነትም አጥንት ይሰብራል። በሰው አገር የገባን ሰው ግን የሚያጠጋጋው ብርድ ብቻ አይደለም። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል።

የተጠጋጋ የሣር ጣራ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ስለዚህ በደብሩ ዙሪያ ያሉት ሰዎች የእሳት ማኅበር ነበራቸው። የአንዱ ቤት ሲቃጠል አንዱ ቋሚ ይቆርጣል፣ አንዱ ሣር ያጭዳል፣ አንዱ ገብስ ይሰፍራል፣ ጋን ያላት ጋን ታወጣለች። ችግሩ ምን ያህል ይውጣ የሚለው ነው። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ዕቃው ይበዛል። በደህናው ቀን ሁለት ጋን የነበራት ሴት በቃጠሎው ማግስት አራት ጋን ነበረኝ ትላለች። ልትዋሽ ብላ አይደለም፤ የጠፋ ነገር ሁልጊዜ ካለው የበለጠ ስለሚመስል ነው። ገማች ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የባሻ ተሰማ ዘዴ እንዲህ ነበር። አመዱ ሲቀዘቅዝ የቤቱን እመቤት ይጠሩና «በይ፣ እንግዳ መጥቶብሻልና አስተናግጂ» ይሏታል። ሴትዮዋ መጀመሪያ ታፍራለች፤ ቀጥሎ ታለቅሳለች፤ በመጨረሻ ጎንበስ ብላ ወደ አመዱ ትገባለች። ጎንበስ ያለችበት ቦታ በሩ ነበረ ማለት ነው። እጇን ወደ ባዶ አየር ትሰዳለች፤ እዚያ ዋንጫ ተሰቅሎ ነበር። ዞር ስትል እግሯን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ትሻገራለች፤ የጥጃው ማገጃ ግንድ ነው። ባሻ ጥግ ቆመው ለእያንዳንዱ ዕቃ ከኩታቸው ጫፍ አንዱን ክር ይቋጥራሉ። «አፍ ያበዛል፤ እጅ ግን ዕቃውን የት እንዳኖረ አይረሳም» ይላሉ። አራት ጋን ነበረኝ ያለችው ሴት ሁለት ጋን ብቻ ዞራ ታልፋለች። እሳቸውም አያሳፍሯትም፤ ሁለት ቋጥረው ዝም ነው።

ለዚህ ድካማቸው የሚያገኙት ትልቅ ነገር አልነበረም። አዲሱ ቤት ሲመረቅ ከሁሉ በፊት አንድ ዋንጫ ጠላ ይቀዳላቸዋል፤ በማኅበሩ ቀን ደግሞ የፊት በርጩማ የሳቸው ናት። በርጩማዋን ግን ይወዷት ነበር። በዘመቻው ጊዜ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ስንት እንደጣሉ ሲያወሩ ባሻ ተራቸው ሲደርስ «ከኔ በቅሎዎች አንዲትም አልጠፋችም» ይላሉ፤ ጨዋታውም እዚያ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስማቸው በአክብሮት የሚጠራው በግምታቸው ብቻ ነበር።

ነገር የመጣው ከቋጠሮው ነው። የኃይለየሱስ ቤት የተቃጠለ ጊዜ ባሻ የኃይለየሱስን ሚስት አስዙረው፣ ሃያ ሦስት ቋጠሮ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሚስታቸው ወለተኢየሱስ ኩታው አመድ አመድ ቢሸታት ይዛው ወንዝ ወረደች። ንጹሕ ሴት ናት። አጥባ ብቻ አልተወችውም፤ «ክሩ ተወሳስቧል» ብላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ፈታችው። በማግስቱ ባሻ ሴትዮዋን እንደገና አስዞሩ፤ አሁን ሃያ አንድ ሆነ። ኃይለየሱስም «ሁለቱን ዕቃ ወንዝ ወሰደብኝ» ብሎ ዳኛ ዘንድ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ባሻ ግን ቀስ ብለው የቋጠሩትን ነው ሚስታቸው ቀስ ብላ የፈታችባቸው።

ዳኛው ግራዝማች ገብረ መድኅን ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ወራቸው ነበር። መነጽር የሚያደርጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ክሱን ሰምተው አልሳቁም፤ ይህም ጎባን አሳሰባት። በኅዳር፣ በገበያ ቀን፣ አዋጅ ተነገረ፦ ከእንግዲህ ገማች የሆነ ሁሉ ፊደል ቆጥሮ፣ በዳኛ ፊት ተፈትኖ፣ ማኅተም ያረፈበት የገማችነት ወረቀት ይያዝ። ወረቀት የሌለው ሰው ግምት ግምት አይባልም። የፈተናው ቀን ለየካቲት መጨረሻ ተቆረጠ።

ባሻ ተሰማ አዋጁን ቆመው ሰሙ። «ሃያ ዓመት የገመትኩት ምን ሊባል ነው?» ብለው አጠገባቸው የቆመውን ሰው ጠየቁ። ሰውዬው ቅቤ ሊሸጥ የመጣ ነበርና አልመለሰላቸውም።

የመለሱላቸው ኦቦ ጅሎ ናቸው። ኦቦ ጅሎ በሮቤ ሜዳ በኩል ያሉት ኦሮሞዎች የከብት ገማች ናቸው፤ ጅብ የበላውን፣ ገደል የገባውን ከብት አይተው ዋጋውን የሚቆርጡ። ከብት ያለበት በረት ሲቃጠል ሁለቱ አብረው ይጠሩ ስለነበር በመነቋቆር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ባሻ? ተማሪ ሆነሃል አሉ።»

«ልትስቅብኝ ነው የመጣኸው?»

«ጨው ልገዛ ነው የመጣሁት። ካገኘሁህ ግን ሳልስቅ አልሄድም።»

«አንተንስ አልጠሩህም?»

«እኔን? የኔን ቃል ድሮም አይጽፉትም። ያልተጻፈ ነገር ማኅተም ምን ያደርግለታል?» ኦቦ ጅሎ ዱላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞሩ። «እናንተ ይህን አገር ስትገቡ እኛ ወረቀት አሳዩን ብለን ነበር?»

«ብትሉስ ማን ያነብላችሁ ነበር?»

«አንተ እንዳልሆንክ ዛሬ ታወቀ።»

ባሻ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ቤታቸው እስኪደርሱ ድረስ ግን ሳቁ ጠፍቷል።

ፊደል የት ይቆጠር? ከደብሩ ደጅ የኔታ አሉ። ነገር ግን የኔታ ዘንድ ያሉት ጥርሳቸውን ያልጨረሱ ሕፃናት ናቸው። «ጢሜን ይዤ ከእነዚያ መሐል ሀ ልበል? ከነሱ ግማሾቹ የክርስትና ልጆቼ ናቸው» አሉ ባሻ።

ወለተኢየሱስ ጥጧን እየባዘተች ነበር። የቄስ ልጅ ናት። አባቷ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ንባብ ያስተማሩት እሷን ነው፤ ሲሞቱም የቆዳ ማኅደር ያለውን የጸሎት መጽሐፋቸውን ተዉላት። ባሌ ስትመጣ በበቅሎ የጫነችው ልብሷን ነው፤ መጽሐፉን ግን በጀርባዋ አዝላ ነው የመጣችው።

«ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ፊደሉንም እኔ አስቆጥራለሁ» አለች።

«አንቺ?»

«ሌላ የኔታ ካለዎት ይጥሩ።»

አልነበራቸውም። በማግስቱ ጠዋት ላም ታልባ፣ ቤት ተጠርጎ ሲያበቃ ትምህርቱ ተጀመረ። ባሻ መጽሐፉን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ወለተኢየሱስ እጁን አየችው፤ መዳፉን ገልብጣ ጥፍሩንም አየችው።

«በዚህ እጅ የአባቴን መጽሐፍ?»

«ታጥቤያለሁ እኮ።»

«የሃያ ዓመት አመድ በአንድ ጠዋት አይታጠብም። እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቱ በዓይንዎ ይበቃዎታል።»

ስለዚህ እሷ ብርሃኑ ገጹ ላይ እንዲያርፍላት ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እሳቸው ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት፣ ከምድጃው ማዶ መደቡ ላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ። በስንደዶ ፊደሉን ትነካለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ እሳቸው ይደግማሉ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲህ ረጅም ጊዜ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም ነበር።

ባሻ ፊደሉን የያዙት በሥራቸው መንገድ ነው፤ እያንዳንዱን ከቤት ዕቃ ጋር እያመሳሰሉ።

«ሀ በር ናት» አሉ በሁለተኛው ቀን።

«የት ያለች በር? አፏን የከፈተች ዋንጫ ናት እንጂ።»

«በር ናት። ዋንጫዋ በ ናት።»

«በማ ሁለት እግር ያላት በር ናት።»

«እኔ ለየሁ፤ አንቺ የፈለግሽውን በያት።»

ወለተኢየሱስ ባሏ ነገር የሚይዙት እንደ በቅሎዎቻቸው መሆኑን ታውቃለችና ወደሚቀጥለው ፊደል አለፈች። ዋናው መለየታቸው ነው። ደግሞም ይለዩ ነበር። ዝናብ ዘንቦ ምድጃው ሲጨስ ዓይናቸውን እያሹ፣ በገና ጦም አንጀታቸው እየጮኸ፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ ቆጠሩ። በከሰልም በቆዳ ቁራጭ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

ጥር ላይ የፈለቀች ቤት ተቃጠለ።

ፈለቀች የነጋዴው የበየነ ሚስት ናት። በየነ ማርና ቡና ሊያመጣ በቅሎዎቹን ይዞ ጊኒር ወርዶ ነበር፤ እሳቱን አላየም። ማኅበሩ ቋሚውንም ሣሩንም ለማውጣት ዝግጁ ነበር፤ ግን ግምቱ ሳይታወቅ ማን ምን ያውጣ? ግምቱን ደግሞ ወረቀት የሌለው ሰው ሊገምት አይችልም። በጎባ ወረቀት ያለው ገማች አንድም አልነበረም። ፈለቀች ምንጣፏን ይዛ ጎረቤት ጥጃ ቤት ገባች። መጋቢት ሲገባ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል፤ የጥጃ ቤቱ ጣራ ለጥጃዎቹም አይበቃም ነበር።

ባሻን ሌላም ነገር አስጨነቃቸው። እጅ አይረሳም ይበሉ እንጂ ሲቆይ እንደሚረሳ ያውቃሉ። ስለዚህ ፈለቀችን ጠርተው «እኔ ልገምትልሽ አልችልም፤ አንቺ ግን በየጠዋቱ ሄደሽ እንግዳ አስተናግጂ። እጅሽ እንዳይረሳ» አሏት። እሷም በየጠዋቱ በሌለ በር ጎንበስ ብላ እየገባች፣ ለሌለ እንግዳ ከሌለ ጋን ትቀዳ ነበር። የማያውቁ መንገደኞች ሐዘን አሳብዷት ነው ብለው ከንፈር ይመጡላታል።

ከአመዱ ስትመለስ በባሻ በር ታልፋለች።

«ባሻ፣ ፊደሉ የት ደረሰ?»

«ተ ላይ ነኝ።»

«ይፍጠኑ እንግዲህ፤ ደመናው አጋርፋ ላይ ነው።»

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ፈለቀች አንድ ወረቀት ይዛ ገባች። ከጊኒር የመጣ ነጋዴ ያመጣው የባሏ ደብዳቤ ነው። ድሮ ቢሆን በቀጥታ ወደ ወለተኢየሱስ ትሄድ ነበር፤ አሁን ግን በማክበር ለባሻ ሰጠቻቸው። ባሻ ከአመድ ነፃ የሆነውን የኩታቸውን ጫፍ ፈልገው ወረቀቱን በሱ ያዙና ገለበጡት።

«ገለበጡት እኮ» አለች ወለተኢየሱስ።

«አቃናሁት እንጂ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና ማንበብ ጀመሩ። በቅሎ ዳገት እንደምትወጣ እየቆሙ፣ ግን ሳይሳሳቱ። «እኔ... ደህና ነኝ። ገበያው... ደህና ነው። በመጋቢት... እገባለሁ። ዝናቡ ሳይጀምር... ጣራውን... አስጠግኚ።»

ፈለቀች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሚጠገን ጣራ የለም። አመስግና ወጣች።

ወለተኢየሱስ ግን ዓይኗ ከወረቀቱ አልተነቀለም። ቀስ ብላ ተነሥታ መጣችና መጽሐፉን እንደ ሰው ወግ ቀና አድርጋ እጃቸው ላይ አኖረችው፤ አመዱንም ረሳችው።

«ያንብቡልኝ።»

ባሻ አዩት። ራቅ አድርገው አዩት፤ ቀረብ አድርገው አዩት። አንድም የሚያውቁት ፊደል አልነበረበትም።

«ይህ ሌላ መጽሐፍ ነው» አሉ።

ወለተኢየሱስ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በርና ዋንጫው አሁን ገባት። ሦስት ወር ሙሉ ከምድጃው ማዶ ሆነው ፊደሉን ያዩት ተገልብጦ፣ ከራሱ በኩል ነበር፤ የጎባን ገማች ፊደል ዘቅዝቀው እንዲያነቡ ያስተማረችው እሷ ናት። ልታለቅስ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። ሳቁን ልትውጠው ስትል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ወደ ቦታዎ ይመለሱ፣ አንቱ ሰው። በአምስት ቀን ራስዎንም ፊደሉንም ማዞር አይቻልም።» ነገሩንም አስረዳቻቸው።

ባሻ የምድጃውን አመድ ተመለከቱ። «እንግዲህ እኔ ያወቅሁት የተገለበጠውን ነው ማለት ነው?»

«ያወቁትማ አውቀዋል። አያያዙ ነው የተገለበጠው።»

«ይስቁብኛል።»

«ይስቁ። ፈለቀች ጥጃ ቤት ናት።»

ባሻም ወደ መደባቸው ተመለሱ። አምስቱንም ቀን ከምድጃው ማዶ ሆነው አነበቡ።

የፈተናው ቀን ከጎባና ከዙሪያዋ ሰባት ገማቾች ቀረቡ። ስድስቱ ከባሻ በፊት ገብተው ስድስቱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አንዱ ገና ወረቀቱን ሲያይ «ለዚህስ ዕድሜዬ አልፏል» ብሎ ነው የወጣው። ሰባተኛው ባሻ ነበሩ።

ከጠረጴዛው ወዲያ ጸሐፊው ሠርከአዲስ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ ከዳኛው ጋር የመጣ፣ ፀጉሩን በቅቤ ሳይሆን በውኃ የሚያበጥር ወጣት ነው። ክፉ አልነበረም፤ የምሳ ሰዓቱ ደርሶበት ነበር እንጂ። ግራዝማች ገብረ መድኅን በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። በፈተናው የወደቁት ስድስቱና ያልተጠሩ ብዙዎች በሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ኦቦ ጅሎም ዱላቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆመዋል። የመጡት ለጨው እንዳልሆነ ግልጽ ነበር።

ሠርከአዲስ አንድ ጽሑፍ ቀና አድርጎ ለባሻ አቀረበላቸው። ባሻ በእርጋታ ገለበጡት።

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ሠርከአዲስም በትሕትና ፈገግ አለ።

«ባሻ፣ ወረቀቱ ተዘቅዝቋል።»

«ለርስዎ እንዲያ ይመስላል እንጂ ለኔ ቀንቷል።»

«እሺ እሺ፣ ይበቃል፤ አይድከሙ» ብሎ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ከእጃቸው ወሰደ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ብዕሩን አነሣ።

ባሻ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። አንገታቸውን ሲደፉ ዓይናቸው መዝገቡ ላይ አረፈ። መዝገቡ ለሠርከአዲስ ቀና ብሎ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ልክ እንደ ወለተኢየሱስ መጽሐፍ ከወዲያ ማዶ ተዘርግቶላቸዋል። ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ እንደ ድሮ ጎረቤት ሰላም አሏቸው።

«ባሻ... ተሰማ» አሉ ባሻ።

ሠርከአዲስ ቀና አለ።

«ማንበብ... አይችሉም። መጻፍ... አይችሉም። ወረቀት... ተከልክለዋል።»

ጸሐፊው መዳፉን መዝገቡ ላይ ጣለ። ዳኛው ከመስኮቱ ዞር አሉ።

«ምንድን ነው ያሉት?»

«ምንም አይደለም ጌታዬ፣ እንዲያው...»

«ባሻን ነው የጠየቅሁት።»

«የተጻፈውን ነው ያልኩት፣ ግራዝማች። ስሜ አለበት፤ ከስሜ ቀጥሎ አይችሉም ይላል።»

ዳኛው ተነሥተው መጥተው የጸሐፊውን መዳፍ ከመዝገቡ አነሡ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ይህን መቼ ጻፍከው?»

«አሁን ነው ጌታዬ። ወረቀቱን ሲገለብጡት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ ባሻ በዝግታ፣ «ቀለሙ ደርቋል። አሁን ብዕር ሲያነሣ የጣለው ጠብታ እዚያ ጥጉ ላይ ይታያል፤ እሱ ገና ያብረቀርቃል። አይችሉም የምትለዋ ግን ደብዝዛለች። ፍምና አመድ ማለት ነው። ጠዋት የተጻፈች ናት።»

ሠርከአዲስ እስከ ጆሮው ቀላ። «ማንም አይችልም ብዬ... ሥራ እንዳይበዛ ጠዋት አዘጋጅቼ ነበር» አለ።

«ወይ ጉድ» አሉ ኦቦ ጅሎ ከበሩ፤ «ጸሐፊውም ገማች ነው ለካ። እሱስ ወረቀት አለው?»

አሁን ዳኛውም ሳቁ፤ ጎባ ዳኛዋ ሲስቁ ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ባዶ ወረቀት አስቀርበው «ይጻፉልኝ፤ ሁለት ጋን፣ አንድ መሶብ» አሏቸው። ባሻ ብዕሩን እንደ ችቦ ጨብጠው ጻፉ። ሲጨርሱ ሠርከአዲስ እንደ ልማዱ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አየና ግራ ተጋባ።

«ጌታዬ፣ ይህ ፊደል አይደለም።»

«መልሰው» አሉ ዳኛው። «እንዳስቀመጡት ተወውና ካለህበት ሆነህ አንብበው።»

ሠርከአዲስ መለሰው። ከፊቱ ቀጥ ብሎ፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ግን የማያሻማ ጽሑፍ ተቀምጧል፦ ሁለት ጋን፣ አንድ መሶብ።

«እንዴት እንዲህ ይጽፋሉ?» አሏቸው ዳኛው።

«የምጽፈው ፊት ለፊቴ ላለው ሰው ነው፣ ግራዝማች። እኔማ ምን እንዳልኩ አውቀዋለሁ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሠርከአዲስን አስቀምጠው አዲስ ወረቀት አስጻፉት፣ ማኅተሙንም ራሳቸው አሳረፉበት። ጸሐፊው ሲጽፍ ባሻ ከማዶ ሆነው እያንዳንዷን ቃል ተከተሉ። ወደ መጨረሻው መሥመር ሲደርስ ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። ግን ምንም ሳይሉ እጅ ነሥተው፣ ወረቀቱን አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

ቤታቸው ሲደርሱ ወለተኢየሱስ በር ላይ ነበረች።

«ሰጡኝ» አሏት። ከዚያ የበለጠ አልተናገሩም፤ ወረቀቱንም አላሳዩአትም።

በማግስቱ ማለዳ ፈለቀች ለስድስት ሳምንት ያህል የተለማመደችውን መስተንግዶ በባሻና በማኅበሩ ፊት አደረገችው። እጇ አልተሳሳተም። ዋንጫዎቹን ከቦታቸው አነሣች፤ ጋኖቹን ዞራ አለፈች፤ መሶቡን ከፍታ ገጠመች። ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ ማኅበርተኞቹም ከፊታቸው ቆመው ፊደሉ ለነሱ ቀና ብሎ ሲወጣ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግን ለነሱ ተብሎ መጻፉን ወደዱት። በመጨረሻ ፈለቀች መሐል ላይ ቆማ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ዝናብ ሲመጣ የሚያፈስበትን ቦታ እንደምትፈልግ። ባሻ አዩአትና አንድ መሥመር ጨመሩ፦ ጣራ፣ ደህና የነበረ።

ቋሚው በዚያው ሳምንት ቆመ። ኃይለየሱስ እንኳ ሁለት ሸክም ሣር አመጣ፤ ሸክሞቹን ሲያስረክብ «ይጻፉልኝ፣ ሁለት ነው፣ ወንዝ እንዳይወስደው» አለ። የጣራው ጉልላት የተከደነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ የጣለው በማግስቱ። በየነ ከጊኒር ሲገባ ካፊያው ላይ ነበር።

«ጣራውን አስጠገንሽው?» አላት ገና ከበቅሎው ሳይወርድ።

«ከነቤቱ» አለችው ፈለቀች።

ባሻ ተሰማ ከአዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠጥተው፣ በማኅበሩም ቀን በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ወረቀቷ ግን ከብብታቸው አትወጣም። ወለተኢየሱስ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ ሦስት ጊዜ «ትቆይ» አሉ። ኋላ ኩታው እንደገና አመድ አመድ ሸተታት፤ ለማጠብ ስታራግፈው ወረቀቷ ወደቀች።

ወለተኢየሱስ አነሣቻትና በሩ ላይ ቆማ፣ ቀና አድርጋ፣ ከስማቸው እስከ ማኅተሙ አነበበቻት። የመጨረሻው መሥመር እንዲህ ይል ነበር፦ ይህ ወረቀት ለአንድ ዓመት ብቻ ይሠራል፤ በዓመቱ ባሻ ተሰማ ጽሑፍን ቀና አድርገው ማንበብ ተምረው ድጋሚ ይፈተኑ፤ ካልሆነ ወረቀቱ ይመለሳል።

ባሻ መደቡ ላይ ሆነው አዩአት። የተደበቀ ማር ሲበላ የተያዘ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ለምን ደበቁኝ?»

«አንድ ጊዜ አስተምረሽኛል። እንደገና ማስቸገር አፈርኩ።»

«ያስተማርኩትማ ገልብጬ ነው።»

«የሠራው እሱ ነው። ቀና ብዬ ተምሬ ቢሆን መዝገቡን መች አነበው ነበር?»

ወለተኢየሱስ ከበሩ ገባ አለች። ወረቀቷን ከመሶቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰካቻት። ከዚያ በማሰሮ ውኃ፣ ከእንዶድም ቁንጥር ይዛ መጣችና የባልዋን ሁለት እጆች ወስዳ ታጥብ ጀመር፤ መዳፉን፣ የጣቶቹን መሐል፣ ጥፍሩን፣ አንድ በአንድ፣ የሃያ ዓመቱን ሁሉ። ባሻ እንደ ሕፃን እጃቸውን ሰጥተው ታጠቡ። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻቸው።

መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጣች። ወደ በሩ፣ ወደ ቦታዋ መሄድ ጀምራ ቆመች። ሠላሳ ዓመት እሷ ከዚያ፣ እሳቸው ከዚህ፣ ምድጃው ከመሐል ነበር።

«ጠጋ ይበሉ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ ግድግዳው። እኔም ልቀመጥ ነው።»

ባሻ ጠጋ አሉ። ወለተኢየሱስ አጠገባቸው ተቀምጣ መጽሐፉን በታጠበው መዳፋቸው ላይ ዘረጋችው፤ ስንደዶዋንም አነሣች።

«ይቺ ማናት?»

ባሻ ጎንበስ ብለው አዩአት። ራሳቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ወደ ግራም አዘነበሉ።

«ዋንጫ» አሉ በመጨረሻ፣ ሽንፈቱ እየከበዳቸው።

«እንዲያ ነው» አለች ወለተኢየሱስ። «እኔስ ምን ብዬ ነበር?»